የደጃፍ ዕዳ

የቤት ውስጡ የባለቤቱ ነው፤ ደጃፉ ግን የመንገደኛው ነው። ባለቤቱ ደጃፉን በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሲወጣና ሲገባ ያየዋል፤ ያውም እየቸኰለ። ጎረቤቱ፣ ውሃ ቀጂዋ፣ ተማሪው፣ ገበያተኛው፣ የባጃጅ ነጂው ግን ቀኑን ሙሉ ያዩታል። ስለዚህ ከበራችን እስከ መንገዱ ጠርዝ ያለችው ጠባብ ስፍራ፣ ካርታዋ በማንም ስም ይሁን፣ ደስታዋም ሆነ ቅሬታዋ የሚደርሰው ለሌላ ሰው ነው። ለሌላ ሰው የሚደርሰውን ነገር በእጁ የያዘ ሰው ደግሞ ባለ ዕዳ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ስለዚሁ ዕዳ ልናገር እፈልጋለሁ፤ የምናገረውም ለእናንተ ለወጣቶች ነው። በዕድሜ የገፋነው ሰዎች አጥራችንን አጥረን ጨርሰናል፤ የእናንተ አጥር ግን ገና አልታጠረም።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የተማርሁት በሚሲዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ ትምህርት ቤት እያንዳንዱ ተማሪ ከመማሪያ ክፍሉ ፊት ለፊት አንዲት ክንድ የማትሞላ መደብ ይሰጠው ነበር። በመደቧ ላይ የወደደውን ይተክላል፣ በድንጋይ ያስጌጣል፣ በሸክላ ስባሪ ዙሪያዋን ያጥራል። መምህራችን መደቦቹን ለመመልከት ሲመጡ የሚጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ነበር፤ «ዛሬ ማን ቆሞ አየልህ?» ይሉን ነበር። አበባው ስንት እንደ ሆነ አይቈጥሩም፤ ዋጋውንም አይጠይቁም። በዚያን ጊዜ ጥያቄው ቀላል መስሎን እንስቅ ነበር። ዛሬ ግን በአርባ ምንጭ መንገዶች ላይ ስሄድ ያው ጥያቄ በየበሩ ፊት ይመጣብኛል። በዚህ ደጃፍ ማን ቆሞ ያያል? ምን አግኝቶስ ያያል?

ከተማችን የተቈረቈረችው የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ከጨንቻ ደጋ ወደ ቆላው በወረደበት በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። ሴቻ ከላይ ሆና፣ ሲቀላ ከታች ሆና፣ ሁለቱም ዐባያንና ጫሞን እያዩ አደጉ። ፈጣሪ ለዚህች ከተማ የሰጣት ደጃፍ ይህን ያህል የሰፋ ነው፤ ሁለት ሐይቅ፣ በመካከላቸው የእግዜር ድልድይ፣ ከሥሯ ስሟን ያገኘችባቸው ምንጮች፣ ከማዶ የነጭ ሣር ሜዳ። ሰው የሠራው ደጃፍ ግን ከዓመት ወደ ዓመት እየጠበበና እየጨለመ ሄደ። በልጅነቴ የማውቀው አጥር የቀርከሃ ወይም የቁጥቋጦ ነበረ፤ ከወዲያ ያለው ሰው ከወዲህ ያለውን ሰላም ይለዋል፤ ዶሮም ሕፃንም ያልፍበታል። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ከቆርቆሮው በኋላ ብሎኬት መጣ። ከብሎኬቱ በላይ ደግሞ የጠርሙስ ስባሪ በሲሚንቶ ተተከለ።

ስለዚህ የጠርሙስ ስባሪ ጥቂት ቆም ብለን እናስብ። ባለቤቱ ለሌባ አስቦ ተክሎታል፤ ይህን አውቃለሁ። ዳሩ ግን ሌባ በዓመት አንድ ቀን ቢመጣ ነው፤ ባይመጣም ይችላል። ያን ስባሪ በየቀኑ የሚያየው ከትምህርት ቤት የሚመለሰው የሰባት ዓመት ልጅ ነው። ግንቡ ለልጁ የሚናገረው ነገር ግልጽ ነው፤ «አንተን እጠረጥርሃለሁ፤ እጅህን ብትሰድድ እቈርጥሃለሁ» ይለዋል። ልጁ ምንም ሳያጠፋ በዓመት ከ300 ጊዜ በላይ ይህን ይሰማል። ከዚህ በኋላ ስለ ጉርብትናና ስለ ፍቅር በክፍል ውስጥ ምንም ያህል ብናስተምረው፣ በመንገድ ላይ የሰማው ትምህርት ከእኛ ትምህርት ይበልጥበታል። እኔ ያለፍሁበት ሥራ ስለ ሆነ ይህን በርግጠኝነት እናገራለሁ።

ያው የጠርሙስ ስባሪ በሌላ ሰው እጅ ምን እንደ ሠራ ልንገራችሁ። በአሜሪካ አገር በሎስ አንጀለስ ከተማ፣ ዋትስ በሚባል የድኾች ሰፈር፣ ሳይመን ሮዲያ የሚባል ከኢጣሊያ የመጣ የቀን ሠራተኛ ይኖር ነበር። ይህ ሰው በ1921 እ.ኤ.አ. በግቢው ውስጥ ከብረትና ከሲሚንቶ ማማዎች ማቆም ጀመረ። ማማዎቹን የሸፈናቸው በጠርሙስ ስባሪ፣ በሸክላ ስባሪ፣ በባሕር ዛጎል ነው። የሰፈሩ ልጆች የተሰበረ ሳህንና ጠርሙስ እየለቀሙ ያመጡለት ነበር። ቀን ለእንጀራው እየሠራ፣ በተረፈው ሰዓት ማማውን እየሠራ 33 ዓመት ቈየ፤ ረጅሙ ማማ 30 ሜትር ያህል ሆነ። እርሱ ሰፈሩን ለቅቆ ከሄደ በኋላ የከተማው ሹማምንት «ይህ ሰው ላይ ይወድቃልና ይፍረስ» አሉ። በ1959 እ.ኤ.አ. ማማው ወደ 4,500 ኪሎ ግራም በሚያህል ኃይል ተጐተተና ተፈተነ። የተበላሸው መጐተቻው ነበረ፤ ማማው ከስፍራው አልተነቃነቀም። ዛሬ የአገሪቱ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ይጠበቃል።

እንግዲህ አንዱ ሰው የጠርሙስ ስባሪውን በግንብ ጫፍ ላይ ሾሎ እንዲቆም አደረገው፤ ሌላው ጠርዙን በሲሚንቶ ቀብሮ ብርሃኑ ብቻ እንዲታይ አደረገው። ዕቃው አንድ ነው፤ ሲሚንቶውም አንድ ነው፤ ድካሙም ቢሆን እምብዛም አይለያይም። የተለየው ሠሪው ስለ መንገደኛው ያለው አሳብ ነው።

አንዳንድ ሰው «ይህ የፈረንጅ ወግ ነው፤ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» ይል ይሆናል። ለዚህ ሰው መልሱን ከቤታችን አመጣለታለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ከበሬ ውጭ አንዲት አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ሰቀልሁ። ዘወትር ቅዳሜ ጧት አንድ እንቆቅልሽ በጠመኔ እጽፍባታለሁ። መልስ ያገኘ ሰው ከሥሩ ይጽፋል፤ ጠመኔው በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ተንጠልጥሏል። አንድ ቅዳሜ «ሲወለድ ረጅም፣ ሲያረጅ አጭር፤ ምንድን ነው?» ብዬ ጻፍሁ። እስከ ማክሰኞ ድረስ ሰሌዳዋ ሞላች። አንዱ «ሻማ» አለ፤ ሁለተኛው «እርሳስ» አለ፤ አንድ የባጃጅ ነጂ ተሳፋሪውን አስቁሞ ወረደና «ጠመኔው ራሱ» ብሎ ጻፈ። በመጨረሻ አንዲት እናቷ ከጨንቻ በኩል የመጡ ልጅ «የዶርዜ ቤት» ብላ ጻፈች። ሁሉም ትክክል ነበሩ፤ እኔ ያሰብሁት ግን የልጅቱን ነበረ።

የዶርዜ ቤት በእርግጥ ረጅም ሆኖ ይወለዳል፤ አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ቀርከሃው ተሰንጥቆ እንደ መሶብ ይሸመናል፤ ከላዩ በእንሰት ቅጠልና በቀርከሃ ልባጭ ይለብሳል። ዓመታት ሲያልፉ ምስጥ እግሩን ይበላዋል። ባለቤቱም የተበላውን እየቈረጠ ይጥላል፤ ቤቱም በየጊዜው ዝቅ ይላል። እንዲህ እያለ አንድ ቤት የሰው ዕድሜ ያህል ያገለግላል። ስፍራ መለወጥ ቢያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ ይሸከመዋል። ስለዚህ ቁመቱ ለምስጥ የተቀመጠ ስንቅ ነው እንጂ ከንቱ ትዕቢት አይደለም። ነገር ግን ሠሪው በዚህ አልቆመም። ከፊት ለፊት በረንዳውን እንደ አፍንጫ ወጣ አደረገው፤ ከበላዩም እንደ ዓይን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች አበጀለት። ሽማግሌዎች «ይህ የዝሆን መልክ ነው» ይላሉ። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ቤቱን ሲያይ፣ ቤቱም መንገደኛውን ያየዋል። በምስጥና በዝናብ የሚኖር ገበሬና ሸማኔ፣ በእጁ ቀርከሃና እንሰት ብቻ ያለው ሰው፣ ለቤቱ ፊት ሠራለት። እኛ ብረትና ሲሚንቶ ያለን የከተማ ሰዎች ግን ፊት የሌለው ቤት እንሠራለን። ታዲያ ማነው ሠለጠንሁ ሊል የሚገባው?

አሁን በዚህ ነገር ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች አንድ በአንድ እንመልከት፤ ብዙ ጊዜ ሰምቻቸዋለሁና።

መጀመሪያው «ይህ የሥራ ፈት ጨዋታ ነው» የሚለው ነው። በፈረንሳይ አገር ኦትሪቭ በምትባል መንደር ፌርዲናንድ ሽቫል የሚባል ደብዳቤ አዳይ ነበረ። በ1879 እ.ኤ.አ. ደብዳቤ ሲያድል አንድ ድንጋይ እግሩን አደናቀፈው። ድንጋዩ መልኩ ደስ ስላለው በኪሱ ከተተው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብዳቤውን እያደለ ድንጋይ ይለቅም ጀመር፤ በፊት በኪሱ፣ ቀጥሎ በቅርጫት፣ በኋላም በአንድ ጎማ ጋሪ እየገፋ ከቤቱ የአትክልት ስፍራ ያከማቸው ነበር። ጎረቤቶቹ «አበደ» እያሉ ሳቁበት። እርሱ ግን 33 ዓመት ሠርቶ በ1912 እ.ኤ.አ. ያን የድንጋይ ቤተ መንግሥት ጨረሰ፤ በ1969 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ መንግሥት በታሪካዊ ቅርስነት መዘገበው። ይህ ሰው አንድም ቀን ሥራ ፈት አልነበረም፤ በየቀኑ ብዙ ኪሎ ሜትር በእግሩ እየሄደ የሰውን ደብዳቤ ያደርስ ነበር። ሥራ ፈትን ማየት የፈለገ ሰው በየቡና ቤቱ በር ተቀምጦ የደጃፍ ሠሪውን የሚያማውን ይመልከት።

ሁለተኛው «እኛ ድኾች ነን» የሚለው ነው። ይህን የሚለው ሰው እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ድህነቱን ያለ ቦታው ጠቀሰው። ሮዲያ ድኻ ነበረ፤ ሽቫልም ድኻ ነበረ። በአዲስ አበባ የሚኖሩትን ሠዓሊ ኤልያስ ስሜንም እንውሰድ። እኒህ ሰው ሌላው የጣለውን ቁልፍ፣ የቆርኪ ክዳን፣ የተበላሸ የኤሌክትሪክ ሽቦና የኮምፒዩተር ስብርባሪ እየለቀሙ በዓለም የታወቀ የጥበብ ሥራ ሠርተዋል። ከወይዘሮ መስከረም አሰግድ ጋር ሆነው በ2011 ዓ.ም. በመካኒሳ የከፈቱት ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ አያቶቻችን ሁሉ በሚያውቁት በምርግ ሥራ የተሠራ ነው። ልዩነቱ ምርጉ ሲደርቅ ቅርጽ እንዲወጣለት በእጅ መታሸቱ ነው። ጭቃ የሌለበት ሰፈር በኢትዮጵያ አለን? ድህነት ብዙ ነገር ይከለክላል። የወደቀ ቆርኪ አንሥቶ በበር ላይ በመልክ በመልኩ መደርደርን ግን አይከለክልም።

ሦስተኛው «ይሰበራል፣ ይሰረቃል» የሚለው ነው። አዎን፣ ይሰበራል። የእኔም የጠመኔ ጣሳ ሁለት ጊዜ ተወስዷል። በሦስተኛው ጊዜ ግን የሰፈር ልጆች ራሳቸው ሌላ ጣሳ በሽቦ አስረው መለሱልኝ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ምክንያቱን መርምሬ አገኘሁት፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጣሳዎች የእኔ ነበሩ፤ ሦስተኛው ግን የእነርሱ ሆነ። ሰው እጁን ያስገባበትን ነገር ይጠብቃል። «ይሰበራል» ብሎ ሳይሠራ የሚቀመጥ ሰው ግን አንድ ነገር ልብ አላለም፤ ከመሰበር በፊት መሠራት ይቀድማል፤ ከተሰበረም በኋላ መጠገን አለ። የዶርዜ ሰው ምስጥ እንዳለ እያወቀ ቤት ይሠራል።

አራተኛው «ይህን መንግሥት ይሥራው» የሚለው ነው። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተባለው ሥራ ተጀመረ፤ ከዚያም ወደ ሌሎች ከተሞች ተዳረሰ። መንገድ ሰፋ፣ መብራት ቆመ፣ ሣር ተተከለ። የሰፋውን መንገድ የሚያመሰግን አለ፤ ቤቱ ፈርሶበት የሚያዝንም አለ። ያ ክርክር ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። እኔ የምለው ግን መንግሥት ሊሠራው የሚችለውና የማይችለው ነገር መኖሩን ነው። መንግሥት አንድ ሺህ አምፖል በአንድ መልክ ሊሰቅል ይችላል። አንዲት ልጅ «ይህ እኮ የእነ እገሌ ቤት ነው፤ በሩ ላይ ዓሣ አለ» ብላ የምትለይበትን አንድ የተቀባ ዓሣ ግን ሊሥል አይችልም። ያ ዓሣ የሚወጣው ጫሞ ላይ መረብ ጥሎ ካደገ ሰው እጅ ነው። በትእዛዝ የተሠራ ውበት ሁሉንም ደጃፍ አንድ ያደርገዋል፤ ሰፈር የሚደነቀው ግን እያንዳንዱ ደጃፍ የራሱን ነገር ሲናገር ነው።

አምስተኛው መቃወሚያ የእናንተ የወጣቶቹ ነው። «የዓለም ድንቅ ሁሉ በስልካችን ውስጥ አለ፤ የሰፈር ደጃፍ ምን ያሳየናል?» ትላላችሁ። ስልኩን አልጠላውም፤ ስለ ሽቫልና ስለ ሮዲያ ማማ ሥዕል ያሳየኝ ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ነው፤ ያሳየኝም በስልኩ ነው። ነገር ግን በስልክ ያያችሁት ድንቅ እናንተን አያውቃችሁም። ዝናብ ሲመታው ሮጣችሁ አትሸፍኑትም፤ ሲሰበር አትጠግኑትም፤ ሠሪውን በማግስቱ በገበያ አግኝታችሁ «እንዴት አደርህ?» አትሉትም። ሺህ ድንቅ አይቶ አንድም ያልሠራ ሰው፣ ሺህ ሰርግ ሄዶ በቤቱ አንድም እንግዳ ያልተቀበለ ሰው ይመስላል።

አንድ ነገር ደግሞ ለይቼ ልናገር። ደጃፍን ማሳመር ስል ሀብትን ማሳየት ማለቴ አይደለም። በከተማችን ባለ ወርቅ ቀለም በር፣ አንበሳ የተቀረጸበት፣ ጫፉ እንደ ጦር የሾለ አይቻለሁ። በዚያ በር ፊት የሚያልፍ ድኻ አንገቱን ይደፋል። መንገደኛውን የሚያሳንስ ጌጥ ከጠርሙሱ ስባሪ የተሻለ አይደለም፤ በሌላ መንገድ ያው «አትቅረብ» ማለት ነው። የደጃፍ ሥራ መለኪያው ይህ ነው፤ አላፊው ካየው በኋላ ልቡ ቀለለው ወይስ ከበደው? ሕፃን ሊነካው ይችላል ወይስ ይባረራል? ተነክቶ የሚቈሽሽ ከሆነ ታጥቦ ይመለሳል፤ ተነክቶ የማይታወቅ ከሆነ ግን የባለቤቱ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

አጥርንም አፍርሱ አላልሁም። ሌባ መኖሩን አውቃለሁ፤ ግቢም መከበር አለበት። አጥር ግን ሁለት ፊት አለው። ወደ ውስጥ የሚያየው ፊት ለእናንተ ይሁን፤ ወደ ውጭ የሚያየውን ፊት ለሰፈሩ ልቀቁለት። ይህን ያህል ማድረግ ማንንም ለሌባ አሳልፎ አይሰጥም። እንዲያውም ልጆች የሚቆሙበትና ሽማግሌ የሚያርፍበት ደጃፍ ዓይን የበዛበት ደጃፍ ነው፤ ሌባም ዓይን አይወድም።

«ይህ ሁሉ ጽሑፍ ስለ አበባና ስለ ቆርኪ ነውን?» የሚለኝ ቢኖር፣ በራሳችን ከተማ የሆነውን አስታውሰዋለሁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በቡራዩና በአካባቢው በደረሰው ግድያ ብዙ የጋሞ ልጆች ሞቱ። ዜናው አርባ ምንጭ በደረሰ ጊዜ ወጣቱ በቍጣ ተነሣ፤ ምንም ያልበደለ ጎረቤት አደጋ ላይ ወደቀ። በዚያን ሰዓት የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር በእጃቸው ይዘው ወጡ፤ በወጣቶቹ ፊት በመንገድ ላይ ተንበረከኩ። ወጣቶቹም ሣሩን ሊረግጡ አልደፈሩም፤ ተመለሱ። የከተማይቱ ሰላም በዚያ ቀን በአንድ እፍኝ ሣር ተጠበቀ። ይህን መላው አገር አይቶታል።

ሣር ምንድን ነው? ከብት የሚበላው፣ በየደጃፉ የሚበቅል፣ ዋጋ የሌለው ነገር ነው። ታዲያ ያን ያህል ኃይል ከየት አገኘ? ወጣቶቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ሽማግሌዎች ሣር ይዘው ሲያስታርቁ አይተዋል፤ የሣር ምንጣፍ ባለው በዱቡሻ፣ ሰው ተሰብስቦ በሚመክርበት አደባባይ፣ የሣርን ትርጉም ተምረዋል። ትምህርቱ ወደ ልባቸው የገባው በዓይን ነው፤ የገባውም በክፉው ቀን አይደለም፤ ምንም ነገር በሌለበት በሰላሙ ዘመን በጥቂት በጥቂቱ ነው። በክፉ ቀን ትንሿ ነገር ያዳነችው በደግ ቀን ትልቅ ቦታ ተሰጥቷት ስለ ነበር ነው።

እንግዲህ እጠይቃችኋለሁ። በዛሬው ሰፈራችን የሚያድግ ሕፃን በየመንገዱ የሚያየው ቆርቆሮ፣ የተዘጋ በር፣ የጠርሙስ ስባሪ ብቻ ከሆነ፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በቍጣ ቢነሣ ምን ይዘን ከፊቱ እንንበረከካለን? ሣር ስናሳየው «ይህ ምንድን ነው?» ቢለንስ? የሰፈር ፍቅር በስብከት ብቻ አይዘራም። ልጁ «ይህ ደጃፍ እኔን አስቦ ነው የተሠራው» ብሎ ያለፈበት አንድ ስፍራ ያስፈልገዋል። ያን ስፍራ ያገኘ ልጅ ሰፈሩን ለማቃጠል እጁ አይታዘዝለትም ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ሥራው ነው፤ እርሱም ከባድ አይደለም። ለብዙዎቻችሁ የሚሆነውን ላመልክታችሁ።

በቆላው የምትኖሩ ከበራችሁ ውጭ አንድ ሽፈራው፣ እኛ ዘንድ ሃለኮ የምንለውን፣ ትከሉ። ቶሎ ያድጋል፤ ቅጠሉ ወጥ ይሆናል፤ ጥላውም ለመንገደኛ ነው። ከሥሩ ሁለት ድንጋይና አንድ ሳንቃ አኑሩ፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። በደጋው የምትኖሩ ቀርከሃ አላችሁ፤ ከአጥራችሁ አንድ ክንድ ያህሉን እንደ መሶብ በመልክ ሸምኑት። ሸማኔ አባት ያለው ልጅ የአባቱን ጥለት በበሩ ሳንቃ ላይ ይቅባው፤ በሽሮ ሜዳ የጋሞ ሸማኔ የሚሸጠው ጥለት ለምን ለመንደሩ በር አይበቃም? ውሃ ያላችሁ ሰዎች ንጹሕ እንስራ ከነጽዋው በጥላ ሥር አስቀምጡ። ጣሳ ያላችሁ ጣሳውን ቀብታችሁ አበባ ትከሉበት፤ በአጥሩ ላይ በተርታ ስቀሉት።

መጽሐፍ ያላችሁ ደግሞ ይህን ስሙ። በአሜሪካ አገር በዊስኮንሲን፣ ቶድ ቦል የሚባል ሰው መምህርት ለነበሩት ለሟች እናቱ መታሰቢያ እንዲሆን ብሎ በ2009 እ.ኤ.አ. ከአሮጌ በር እንጨት ትንሽ የትምህርት ቤት መልክ ያላት ሣጥን ሠራ። በደጃፉ አቁሞ መጻሕፍት ሞላባት፤ አላፊው አንዱን እየወሰደ ሌላውን ይተካባት ጀመር። ዛሬ እንዲህ ያሉ ሣጥኖች ከ100 በሚበልጡ አገሮች ከ100,000 በላይ ሆነዋል። በአገራችንም አቶ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ በቤተ መጻሕፍት ሠራተኛነት ከኖሩ በኋላ ተመልሰው፣ በ1995 ዓ.ም. በሾላ ሰፈር የሚኖሩበትን ቤት ለሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱት። በኋላም በሐዋሳ አህያ በምትጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ወደ ልጆች እንዲሄድ አደረጉ። ሁለቱም ሰዎች የጀመሩት ከገዛ ቤታቸው በር ነው። እናንተ ቤታችሁን መክፈት ባትችሉ፣ ዝናብ የማያስገባ አንድ ሣጥን ከበራችሁ አጠገብ ማቆም አያቅታችሁም።

ሲጀመር ሰው ይስቅባችኋል፤ ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። የሽቫል ጎረቤቶችም ስቀዋል። የሚስቅ ሰው ግን ቆሞ አይቷል፤ ዐይቶ ያለፈውም ከጠርሙሱ ስባሪ የተለየ ነገር ነው። በሳምንቱ አንዱ «ይህን እንዴት ሠራኸው?» ይላል። በወሩ ከማዶ ያለው ቤት ደግሞ የራሱን ይጀምራል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት የሸማኔ ልጆች ከማንም ይልቅ ያውቁታል፤ ድሩ ግን አንዱ ሰው የመጀመሪያውን ክር ሳይወጥር አይጀመርም።

ስለዚህ ወጣቶች ሆይ፣ ቤት እስክትሠሩ፣ ሀብት እስክታገኙ፣ ትእዛዝ እስኪመጣ አትጠብቁ። በኪራይ ቤት ያለም ሰው ደጃፍ አለው። የፊታችን ቅዳሜ ከበራችሁ ወጥታችሁ በመንገዱ ማዶ ቁሙና ቤታችሁን እንደ እንግዳ ተመልከቱት። በዚያ ከምታዩት ነገር አንዱን በእጃችሁ ለውጡ። ከዚያም ገብታችሁ አትደበቁ፤ ማን ቆሞ እንደሚያየው ጠብቁና ሰላም በሉት።